ከሥር ያለውን ማን ይጠብቀዋል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣች ሰው መድረክ ላይ ስትቆም ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የሲ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ። ይህ ላይብረሪ ከአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ወደ ሌላ ሲዛወር ምን እንደሚገጥመው፣ እሱን እየጠበቁ የሚኖሩት ሰዎችም ምን እንደሚሠሩ እናገራለሁ። የኮምፒዩተር ምሩቃን "ይሄ የእኛ እኮ ነው" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ጉዳቱ የሚያርፈው በእኔ ታካሚ ላይ ስለሆነ የእኔም ነው።

በሙያዬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ላለፉት በርካታ ዓመታት ከሕክምናው ጎን ለጎን፣ የላቦራቶሪ ማሽኖች የሚያወጡትን ውጤት ወደ ታካሚው መዝገብ በሚያደርሱ ፕሮግራሞች ላይ ከመሐንዲሶች ጋር ስሠራ ቆይቻለሁ። የምነግራችሁን የተማርኩት እዚያ ነው።

ላይብረሪው ምንድን ነው?

የሲ ቋንቋን ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቋንቋው ራሱ ትንሽ ነው። መደመር ያውቃል፤ ማወዳደር ያውቃል፤ አንድን ሥራ መደጋገም ያውቃል። ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማውጣት ግን አያውቅም። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ፋይል መክፈት፣ ሜሞሪ መጠየቅ፣ "37.5" ተብሎ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ቁጥር መለወጥ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያደርግለት ላይብረሪው ነው።

ብዙዎቻችሁ የሲ ኮድ አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። ቢሆንም በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። የታካሚ መዝገብ የሚይዘው ሰርቨር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ሁሉም ከሥራቸው አንድ የሲ ላይብረሪ አለ። በአብዛኛው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ጂሊብሲ ይባላል፤ ሮላንድ ማክግራዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነው። ሪች ፌልከር የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ማስል የሚባል አነስ ያለ ሌላ አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሌላቸው ጥቃቅን መሣሪያዎች ደግሞ ኒውሊብ የሚባለው ያገለግላል። አንድሮይድ ስልክ የራሱ አለው፤ ባዮኒክ ይባላል።

ስማቸውን የሰማ እጁን ያውጣ ብል ከአዳራሹ ጥቂት እጅ ነው የሚወጣው። ይህ አያስወቅስም። ጉበቱን የሚያስታውሰውም የታመመ ሰው ብቻ ነው።

ተስፋዬ "ስተዬፋ" ሲሆን

ታዲያ ላይብረሪ ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር ሲዛወር ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ቋንቋው አንድ አይደል?

ቋንቋው አንድ ነው፤ አካሉ ግን የተለያየ ነው። አንዳንድ ፕሮሰሰር ቁጥርን ሲያስቀምጥ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ ሌላው ትንሹን ያስቀድማል። ዩኒክስ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሽን መሻገር በጀመረበት ዘመን ከዚህ የተነሣ ፊደል ጥንድ ጥንዱን ቦታ ይለዋወጥ ነበርና ባለሙያዎቹ ችግሩን "የናክሲ ችግር" አሉት። "ዩኒክስ" በእንግሊዝኛ በሚጻፍባቸው አራት ፊደሎች ተቀያይሮ የተነበበ ስም ነው። በእኛ ብናየው "ተስፋዬ" ተብሎ የተጻፈው "ስተዬፋ" ሆኖ እንደ መውጣት ነው።

ስም ሲበላሽ ያስቃል፤ ሰውም ቶሎ ያየዋል። ቁጥር ሲበላሽ ግን አያስቅም። በሁለት ባይት የተጻፈ 12 ባይቶቹ ቢገለበጡ 3072 ይሆናል። ሄሞግሎቢን 3072 የሚል ወረቀት የሚያምን ሐኪም የለም፤ ይህ ደጉ ስህተት ነው። ፕላትሌት 256 ሺህ የነበረው ሲገለበጥ ግን 1 ሺህ ይሆናል። ይህን ያየ ተረኛ ሐኪም ደም ፍለጋ ይሮጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ 257 ነው። 257 ሁለቱ ባይቶች እኩል ስለሆኑ ቢገለበጥም 257 ነው። አዲሱን ማሽን ስትሞክሩ የመጀመሪያው ናሙና 257 ሆኖ ከተገኘ "ይሠራል" ብላችሁ ፈርማችሁ ትሄዳላችሁ። አንድ ናሙና ትክክል መውጣቱ ሥርዓቱ ትክክል ነው ማለት አለመሆኑን በላቦራቶሪ ትምህርት ተምረነዋል። እዚህም ያው ነው።

ማለቂያ የሌለው ንባብ

አንድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። በአንድ የጤና ተቋም የደም መመርመሪያ ማሽኑን ውጤት የሚያነብ ፕሮግራም በተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ሠራ። ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ በትንሽ ርካሽ ሰሌዳ ተተካ፤ ፕሮሰሰሩ ስልኮቻችን ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ኤአርኤም የሚባለው ነበር። ፕሮግራሙ ተገልብጦ ተጫነ፤ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ፋይል ማንበብም ጀመረ። አልጨረሰም። ከሰዓት በኋላ የነበሩት ውጤቶች በሙሉ ወደ ዋርድ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ነርሶች ወረቀት ይዘው ሲመላለሱ ዋሉ።

ምክንያቱ አንዲት ቃል ነበረች። በሲ "ቻር" የሚባል አንድ ባይት የሚይዝ ዓይነት አለ። ይህ ባይት ከዜሮ በታች መውረድ ይችላል ወይስ አይችልም? ሕጉ ይህን አልወሰነም፤ ለየማሽኑ ትቶታል። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል። በሊኑክስ ኤአርኤም ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 255 ነው። ላይብረሪው ፋይሉ ሲያልቅ "-1" ብሎ ይናገራል። ፕሮግራሙ ያን መልስ ቻር ውስጥ ይቀበል ነበር። በአሮጌው ማሽን -1 እንደ -1 ተነበበና ቆመ። በአዲሱ 255 ሆነና "አላለቀም" ተብሎ ንባቡ ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ ላይብረሪው ምንም አላጠፋም። መልሱን ሰፋ ባለ የቁጥር ዓይነት ነው የሚሰጠው፤ ይህም በመመሪያው ተጽፏል። ማሽኑም አላጠፋም። በሽታው ድሮም ነበረ፤ አሮጌው አካል ሸፍኖት ኖረ። የሲ ላይብረሪን የሚጠብቁ ሰዎች ቀንም ሌትም የሚታገሉት ከዚህ ዓይነት ድብቅ በሽታ ጋር ነው።

አማርኛም የዚህ ተካፋይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። "ሀ" 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይቀመጣል። ቻር ከዜሮ በታች በሚወርድበት ማሽን ግን ይኸው "ሀ" -31፣ -120፣ -128 ተብሎ ይነበባል። "ይህ ፊደል ነው ወይስ ምልክት?" የሚለውን የላይብረሪ ጥያቄ በእነዚህ አሉታዊ ቁጥሮች መጠየቅ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ነው፤ አንዱ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ፕሮግራሙን ይጥላል። ለስም 20 ባይት ብቻ የተመደበበት መዝገብ ላይ "ወለተማርያም" 21 ባይት ናትና ከመጨረሻዋ "ም" አንድ ባይት ይቀራል። እናት ልጇን ይዛ መጥታ ስሟ ሲፈለግ ካልተገኘ፣ መዝገብ ቤቱ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ የፔኒሲሊን አለርጂዋ የተጻፈው አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል።

በበጎ ጎኑ ደግሞ፣ ጂሊብሲ ውስጥ የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የግዕዝም ጭምር የቀንና የወር ስሞች ገብተዋል። የሆነ ሰው ተቀምጦ "ሰኞ፣ ማክሰኞ" እያለ ጽፎ ልኳል ማለት ነው። ወሮቹ ግን የፈረንጅ ወሮች ናቸው። ላይብረሪው ወርን የሚቆጥረው ከ0 እስከ 11 ነውና ጳጉሜን የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ቀጭኑ ክፍል

ላይብረሪን ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማዛወር ሁሉንም እንደገና መጻፍ አይደለም። አብዛኛው ኮድ ለሁሉም ማሽን አንድ ነው። ለየፕሮሰሰሩ የሚጻፈው ቀጭን ክፍል ነው፦ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚሮጠው የመጀመሪያ ኮድ፣ ከርነሉን የሚጠራበት መንገድ፣ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሲሄዱ እንዳይጋጩ የሚጠብቀው ቁልፍ፣ የመሳሰሉት።

ለምሳሌ ሴትጀምፕ የምትባል ተግባር አለች። "አሁን ያለሁበትን ያዙልኝ፤ ችግር ካጋጠመኝ ወደዚህ እመለሳለሁ" እንደ ማለት ናት። ለዚህ ፕሮሰሰሩ እጅ ላይ ያሉትን እሴቶች ማስቀመጥ አለባት። በ64 ቢት ኢንቴል ዓይነት ላይ የሚቀመጡት ስምንት ናቸው። በ64 ቢት ኤአርኤም ላይ ከ20 ይበልጣሉ፤ ከእነሱም መካከል ለነጥብ ቁጥሮች ስሌት የሚያገለግሉት ይገኙበታል። አንዷን የረሳ ሰው ወዲያው አይያዝም። ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይመሰገናል። ከወራት በኋላ አንድ የመድኃኒት መጠን ስሌት መሐል ላይ ያች የተረሳች እሴት ተቀይራ ትገኛለች።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ ያለማቋረጥ ይፈትሻሉ። ሌላ ፕሮሰሰርን አስመስሎ በሚያሠራው ኪውኢሙ በሚባል ፕሮግራም ይሞክራሉ፤ በእውነተኛው ማሽን ላይም ይሞክራሉ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉምና። ኢንቴል ዓይነቱ ፕሮሰሰር የሜሞሪ ሥራዎችን ቅደም ተከተል ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ኤአርኤም ላላ ያደርገዋል። አንደኛው ላይ ለዓመታት ያልተሳሳተ ቁልፍ ሌላው ላይ በሺህ አንዴ ይከፈታል።

ማን ነው ጥፋተኛው?

እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነ ነገር አለ፤ ለሐኪሞችም የሚያስተምር ይመስለኛል። ሜምኮፒ የምትባል ተግባር አለች፤ ሥራዋ ባይቶችን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መገልበጥ ነው። ሕጉ "መነሻውና መድረሻው ከተደራረቡ በእኔ አትጠቀሙ፤ ለዚያ ሜምሙቭ አለች" ይላል። ጂሊብሲ ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ፈጣን የሆነ ሜምኮፒ አወጣ፤ አንዳንዴ ከኋላ ወደ ፊት ትገለብጣለች። ሕጉን የጠበቀ ፕሮግራም ምንም አልሆነም። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቪዲዮ የሚያይበት ፍላሽ ግን ሕጉን አልጠበቀም ነበርና ድምፁ ተበላሸ።

ክርክሩ ጋለ። አንዱ ወገን "ሕጉ ተጽፏል፤ የጣሰው ይታረም" አለ። ሊነስ ቶርቫልድስን ጨምሮ ሌላው ወገን "ተጠቃሚው ስለ ሕጉ ምን ያውቃል? ትናንት ይሠራ የነበረ ዛሬ ተበላሽቶበታል" አለ። የተገኘው መፍትሔ ደስ ይለኛል። ለአሮጌ ፕሮግራሞች የድሮው ጠባይ እንዲቀጥል፣ አዲስ የሚሠሩት ደግሞ አዲሱን እንዲያገኙ ሁለቱ በአንድ ላይብረሪ ውስጥ በተለያየ ምልክት ተቀመጡ። ሕጉም አልተሻረ፤ የኖረውም ሰው አልተጎዳ። እኛም መድኃኒት ስንቀይር የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ መመሪያው ተለወጠ ብለን በአሮጌው ተረጋግተው የሚኖሩትን አዛውንት በአንድ ቀን አንቀይርባቸውም።

ከዚያ በፊት በሕክምና የደረሰው ግን በድምፅ መበላሸት አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የሚባል የጨረር ሕክምና ማሽን በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ ስድስት ሰዎች ላይ ከልክ ያለፈ ጨረር ለቀቀ፤ የሞቱም ነበሩ። ፕሮግራሙ ከቀድሞዎቹ ሞዴሎች የተወረሰ ነበረበት። ከስህተቶቹ አንዱ ቀድሞ በነበረው ሞዴልም ላይ ነበረ፤ እዚያ ግን ፊውዝ እየተቃጠለ ታካሚውን ያድነው ነበር። በአዲሱ ማሽን ያ መከላከያ ተነሥቶ ሥራው ለፕሮግራሙ ብቻ ተተወ። ይህ የላይብረሪ ጥፋት አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ኮድ አካል ሲቀይር፣ አሮጌው አካል ዝም ብሎ ያደርግለት የነበረውን ማወቅ የግድ ነው።

የጥምቀት ጠዋት

አሁን ወደ ራሳችን ቀጠሮ ልምጣ። የሲ ላይብረሪ ጊዜን የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ይህ ቁጥር ለረጅም ጊዜ የተያዘው በ32 ቢት ነበር። ሊደርስ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ነው። ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ቆጠራ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት ጠዋት። ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ናቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ተረኛው ብቻ ነው።

በቀጣዩ ሰከንድ ያልተዘጋጀ ማሽን ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይለዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይገባል። ያን ሌሊት የተወለደ ሕፃን ዕድሜው ሲሰላ ከዜሮ በታች 136 ዓመት ይሆናል። "የመጨረሻው መድኃኒት ከተሰጠ ስንት ሰዓት ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቡት።

መድኃኒቱ ተገኝቷል። ማስል እ.ኤ.አ. በ2020 በሁሉም 32 ቢት ማሽኖች ላይ ጊዜን ወደ 64 ቢት አሳደገ። ጂሊብሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ያንኑ ምርጫ ሰጠ። ከርነሉም ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን መድኃኒቱ መጋዘን መግባቱ ታካሚው ዋጠው ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ በአዲሱ ላይብረሪ እንደገና መሠራት አለበት፤ መሣሪያው ላይ መጫን አለበት፤ ቀኑን በ32 ቢት ያስቀመጠው ፋይልም መስተካከል አለበት። አምራቹ የተዘጋ፣ ኮዱ የጠፋ፣ በእርዳታ መጥቶ 15 ዓመት የሚያገለግል መሣሪያ ላይ ይህን ማን ያደርጋል?

ጠባቂ ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። ኢታኒየም የሚባለው ፕሮሰሰር ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነበር። የሚጠብቀው ሰው ሲታጣ ከሊኑክስ ከርነል ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጂሊብሲም አስወጣው። በሌላ በኩል ሪስክ-ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ2018 የገባው፣ ሎንግአርች በ2022 የገባው "እኛ እንጠብቀዋለን" ብሎ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ስለነበረ ነው። በዚህ ሥራ ትልቁ ጥያቄ "ማን ጻፈው?" አይደለም፤ "ነገ ሲበላሽ ማን ይነሣል?" ነው።

ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው። አራት ነገር ልለምናችሁ።

በሆስፒታል ያላችሁ፣ የመሣሪያዎቻችሁን ዝርዝር ስትይዙ ከስምና ከሞዴል ጎን ሦስት አምዶች ጨምሩ፦ ፕሮሰሰሩ 32 ነው 64 ቢት? ቀንና ሰዓት ለምን ይጠቀማል? ፕሮግራሙን የሚያድሰው ማን ነው? ሦስተኛው አምድ ባዶ የሆነበት መሣሪያ ከሁሉ ቀድሞ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

በኮምፒዩተርና በምህንድስና ክፍል የምታስተምሩ፣ ተማሪው አዲስ አፕ ከመሥራቱ በፊት የሌላ ሰውን ኮድ ያንብብ። ከማስል አንዲት ተግባር ይውሰድ፤ በሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ይሞክራት፤ "ወለተማርያም"ን ይስጣት፤ ምን እንደምትመልስ ይጻፍ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ኪውኢሙም ነፃ ነው፤ ሁለተኛ ማሽን መግዛት አያስፈልግም።

የዩኒቨርሲቲው አመራር፣ ዕድገትና ማዕረግ ስትሰጡ የጥገና ሥራን ቁጠሩ። አዲስ ሥርዓት ዘርግቶ የሄደ ይመሰገናል። የተዘረጋውን አሥር ዓመት ያቆመው ግን ስሙ የሚነሣው የተበላሸ ቀን ብቻ ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ የሚተካውም ሰው አይገኝም።

በውጭ የምትኖሩ፣ ማሽን ስትልኩ እናመሰግናለን። ከማሽኑ ጋር ግን መመሪያውን፣ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ የማግኘት መብትና ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው ላኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኛ ሐኪሞች የምንከታተለውን ታካሚ ለሌላ ሐኪም ሳናስረክብ ከተረኝነት አንወጣም። ሥራችን የቆመበት ኮድም ተረካቢ ያስፈልገዋል። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ዛሬ "ይህን እኔ እጠብቀዋለሁ" ብሎ ስሙን ካስመዘገበ፣ የጥምቀት ጠዋት ተረኛ የሚሆነው ልጅ ባያውቀውም ያመሰግነዋል።